ሌሎች “ጌታ ተናገረኝ” ሲሉ እኔ ለምን ምንም አልሰማም?

ለዚህ ዕትም የመረጥኳቸው አራት ደብዳቤዎች ከማይተዋወቁ ሰዎች የመጡ ናቸው። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል። መንፈሳዊ ነገርን ማየትና መለየት እንዴት ይመጣል? የመጣውስ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? የመጀመሪያውን በሰፊው ነው የመለስኩት። እሱ ላይ በደንብ ከተነጋገርን የቀሩት ይቀሉናል።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ። ጌታን ካገኘሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። እጸልያለሁ፣ ቃሉን አነባለሁ፣ በአቅሜ አገለግላለሁ። በጸሎት ቡድናችን ውስጥ ግን አንዷ ተነስታ “ጌታ ይህን አሳየኝ” ትላለች፣ ሌላው “በመንፈሴ እንዲህ ተሰማኝ” ይላል። እኔ ጋ ሲደርስ ዝም ነው። አንዳንዴ ከማፍር ብዬ የሆነ ነገር ፈጥሬ ልናገር ሁሉ ይቃጣኛል። እስካሁን አላደረግሁትም። መንፈሳዊ ጆሮዬ ተደፍኖ ነው? ወይስ መጀመሪያውኑም አልዳንኩም? በግልጽ ይንገሩኝ፣ አልቀየምም።

ስሜ ይቆይ፣ እህታችሁ

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። የምንድነው በክርስቶስ በማመን ነው። ራእይ ያየ ዳነ፣ ያላየ ጠፋ የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ይህን ፍርሃት ከልብሽ አውጪው።

ደግሞም ፈጥረሽ ባለመናገርሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። በኤርምያስ ዘመን እግዚአብሔር ሳይልካቸው የሮጡ፣ ሳይነግራቸው የተናገሩ ነቢያት ነበሩ። በምዕራፍ 23 ላይ ምን ያህል እንደተቆጣባቸው አንብቢው። ያልሰማሽውን አልሰማሁም ማለትሽ እውነተኛነት ነው፤ እውነት የሌለበት ልብ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጾም ቢጸልይ አጥርቶ አያይም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መንፈሳዊ ማስተዋል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የተሰወረ ነገር ማወቅ ነው። ማን ምን ደብቋል፣ ነገ ምን ይመጣል፣ እነ እንትና ቤት ምን ገባ። መጽሐፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ጳውሎስ የኤፌሶን ክርስቲያኖች የልቦናቸው ዓይን እንዲበራላቸው ጸልዮላቸዋል (1፥18)። በርቶ ምን እንዲያዩ? የተጠሩበትን ተስፋ፣ በቅዱሳን ዘንድ ያለውን የርስቱን ክብር፣ ለሚያምኑት የሚሠራውን የኃይሉን ታላቅነት። ሦስቱም አስቀድሞ የተሰጧቸው ናቸው! ሰዎቹ አምነዋል፣ ርስቱ የእነሱ ነው፣ ኃይሉም እየሠራላቸው ነው፣ ግን ገና አላዩትም። ስለዚህ እንዲያዩት ለመነላቸው። ለፊልጵስዩስ ሰዎችም ፍቅራቸው በእውቀትና በማስተዋል እየበዛ እንዲሄድና የሚሻለውን መለየት እንዲችሉ ይጸልያል (1፥9-10)። የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ጠንካራ ምግብ የሚሆነው “መልካሙንና ክፉውን ለመለየት በሥራቸው የለመደ ልቡና ላላቸው” ነው ይላል (5፥14)። እንግዲህ ይህ ነገር አንድ ማታ ወርዶ የሚያድርብን አይደለም። እየተደጋገመ፣ እየተሠራበት የሚሰለጥን ነው።

በቅርብ እንየው። ማታ ነው። አንድ ሰው በጣም የሚያናድድ መልእክት ልኮልሻል። መልሱን ጽፈሽ ጨርሰሻል። እያንዳንዱ መስመር እውነት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ግን እንዲያሳምም ተደርጎ ነው የተጻፈው። ጣትሽ “ላክ” የሚለው ላይ ነው። እዚያ ላይ የሆነ ነገር ያዝ ያደርግሻል። ድምፅ የለም፣ ብርሃን የለም። ብቻ የምፈልገው እንዲገባው ሳይሆን እንዲያመው ነው የሚለው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ሰረዝሽው። ድሮ ቢሆን ትልኪው ነበር፤ ልከሽም ጥሩ እንቅልፍ ትተኚ ነበር። እኔ ይህን መንፈሳዊ ማስተዋል እለዋለሁ፣ ያውም ትልቁን ዓይነት። አንቺ ግን በቡድን ጸሎት ላይ ተነስቶ የሚነገር ስላልሆነ አልቆጠርሽውም።

ሳሙኤልን ደግሞ አስቢው። ብላቴናው የእግዚአብሔር ታቦት ባለበት መቅደስ ውስጥ ተኝቷል። ከዚያ በላይ ወዴት ይቀረባል? እግዚአብሔር በስሙ ይጠራዋል፣ ልጁም ይሰማል፣ ተነስቶ ግን ወደ ዔሊ ይሮጣል። ሦስት ጊዜ! ጆሮው ደህና ነው፤ የሚጠራው ማን እንደሆነ ነው ያላወቀው። የሚጠራህ እግዚአብሔር ነው ብሎ የነገረው ማን ነው? ዓይኑ የፈዘዘው፣ ልጆቹን መግራት ያቃተው፣ ፍርድ የተነገረበት ሽማግሌው ዔሊ። ይህ ነገር ባነበብኩት ቁጥር ይገርመኛል። አንቺም እየሰማሽ ይሆናል፤ ምናልባት የጎደለሽ ቁጭ ብሎ የውስጥሽን ሰምቶ “ልጄ፣ ይሄ እኮ ጌታ ነው” የሚልሽ በእምነት የሸመገለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለሽ ከሌላው ምክሬ ሁሉ በፊት እሱን ፈልጊ። በቡድን መካከል የማይወጣ ነገር ሁለት ሆኖ ሲያወሩ ይወጣል።

ሌላው፣ ማርቆስ ምዕራፍ 8ን ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ። በቤተ ሳይዳ ኢየሱስ የዕውሩን እጅ ይዞ ከመንደር ያወጣዋል። በዓይኖቹ ተፍቶ፣ እጁን ጭኖበት፣ “አንዳች ታያለህን?” ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው ቀና ሲል ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ ያያል። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ብሎ እዚያው ይጨርስ ነበር። ትናንት ጨለማ ነበር፣ ዛሬ ብርሃን አየ፣ ምን ጎደለው? እሱ ግን ያየውን እንዳየው ተናገረ። ኢየሱስ እንደገና እጁን ጫነበት፣ ያኔ ሁሉን አጥርቶ አየ።

ታሪኩ ያለበት ቦታም የሚገርም ነው። ትንሽ ቀደም ብሎ ደቀ መዛሙርቱ ጀልባ ውስጥ ሆነው እንጀራ አልያዝንም ብለው ይጨነቃሉ፣ አምስት ሺህውም አራት ሺህውም ሰው ሲበላ ዓይናቸው እያየ። ኢየሱስም ዓይን ሳላችሁ አታዩምን ይላቸዋል። ከቤተ ሳይዳ በኋላ ደግሞ ጴጥሮስ “አንተ ክርስቶስ ነህ” ብሎ ይመሰክራል፤ ወዲያው ግን ስለ መከራውና ስለ ሞቱ ሲሰማ ጌታን ለብቻው ወስዶ ሊገሥጸው ይጀምራል። ጴጥሮስ ማንነቱን አይቷል፣ መስቀሉን ግን ገና አላየም። ሰዎቹን እንደ ዛፍ ያየው ሰውዬ ማለት እሱ ነው። ከጌታ ጋር እየበላ እየጠጣ የከረመው ጴጥሮስ እንዲህ ከሆነ፣ አንቺ ግማሽ በማየትሽ ለምን ታፍሪያለሽ? እንደዚያ ዕውር የሚታይሽን ያህል ተናገሪና እጁ እንደገና እንዲጫንብሽ ጠብቂ።

ታዲያ ምን ላድርግ ትዪኝ ይሆናል። ኢየሱስ ራሱ ፈቃዱን ሊያደርግ የሚወድ ሰው ትምህርቱ ከእግዚአብሔር መሆኑን ያውቃል ብሏል (ዮሐንስ 7፥17)። እኛ መጀመሪያ ይግባን፣ ከዚያ እናደርጋለን ነው የምንለው፤ እሱ ግን ማድረግ መውደዱን አስቀደመ። በምዕራፍ 14 ላይም ትእዛዙን ለሚጠብቅ ራሱን እንደሚገልጥለት ይናገራል። ስለዚህ አዲስ ነገር አሳየኝ ከማለትሽ በፊት አስቀድሞ የገባሽን ተመልከቺ። ይቅር ማለት እንዳለብሽ እያወቅሽ ያላልሽው ሰው አለ? ሳትመልሺ የቀረሽ ገንዘብ አለ? ይቅርታ መጠየቅ ሲገባሽ ስንት ወር የተውሽው አለ? ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር ዝም አለኝ የምንለው የመጨረሻ የነገረንን ገና ስላልፈጸምን ነው። ሁሌ እንዲህ ነው ግን አልልሽም። ኢዮብ ምንም ሳያጠፋ ዝምታው ረዝሞበታል። ግን መፈተሹ አይጎዳሽም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ጥሞና ስትወስጂ ደብተር ያዢ። ካነበብሽው ያየሽውን አንድ ነገር ጻፊ። ከሥሩ ዛሬ የማደርገው ብለሽ አንድ ነገር ጻፊ፣ ትንሽና የሚሠራ። “ቅዱስ እሆናለሁ” ብለሽ አትጻፊ፤ “ለእህቴ እደውላለሁ” በይ። ከአንድ ወር በኋላ መልሰሽ አንብቢው። ያኔ ምንም አልሰማሁም ማለት ይከብድሻል ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ለትዳር የማስባት እህት አለች። እየተዋወቅን ነው፣ ቤተሰቦቻችንም ያውቃሉ። አንድ በጸጋ ስጦታው የታወቀ ወንድም ጸልዮልኝ ሲያበቃ “እሷ አይደለችም፣ ጌታ ሌላ አዘጋጅቶልሃል” አለኝ። ሌላዋንም ጠቆመኝ። ከዚህ በፊት የተናገረው ሲፈጸም በዓይኔ አይቻለሁ። ውስጤ ግን ተረብሿል። እምቢ ካልኩ ከእግዚአብሔር ጋር መጣላት ይሆንብኛል? ጓደኞቼ “ሰላም የሚሰማህን አድርግ” ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሰላም የሚሰማኝ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኛል።

ግራ የገባው ወንድም

መልስ

ወንድሜ፣ ተረጋጋ። መመርመርህ አመፅ አይደለም። ጳውሎስ ትንቢትን አትናቁ ባለበት በዚያው ቦታ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙንም ያዙ ይላል (1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20-21)። በቆሮንቶስም ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሲናገሩ ሌሎቹ እንዲለዩ አዟል (1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29)። ያንን ወንድም አትናቀው፣ ቃሉን ግን መርምረው። “ከጌታ ነው፣ አትመርምር” የሚልህ ካለ ግን ያኔ ፍራ።

የተናገረው ሲፈጸም አይቻለሁ ብለሃል። ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ዘዳግም 13 ላይ የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚጠራን ነቢይ አትስሙ ይላል። ያንተ ወንድም ወደ ሌላ አምላክ ጠራህ እያልኩ አይደለም፤ ያለፈው መፈጸሙ ለሚቀጥለው ዋስትና እንደማይሆን እንድታይ ነው። ናታንንም እይ። ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ልሥራ ብሎ ሲያማክረው፣ ናታን በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ፣ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው አለው። በዚያው ሌሊት እግዚአብሔር ናታንን አርሞ መልሶ ላከው (2ኛ ሳሙኤል 7)። ናታን እውነተኛ ነቢይ ነበር። መልካም የመሰለውን ከራሱ ተናገረ፣ ሲታረም ደግሞ ወደ ንጉሡ ተመልሶ ሄደ። ሳሙኤልስ ቢሆን፣ ያ በሌሊት የተጠራው ልጅ አርጅቶ፣ በነቢይነት ዕድሜውን ጨርሶ፣ የዳዊትን ታላቅ ወንድም የኤልያብን ቁመና ሲያይ የሚቀባው ይሄ ነው ብሎ አልነበረም? እንግዲህ ያንተ ወንድም “ተሳስቼ ሊሆን ይችላል” ማለት ይችላል? ጠይቀው። መልሱ ብዙ ነገር ያሳይሃል።

ሌላም የምትጠይቀው አለ፤ ያየው ምንድን ነው፣ የተረጎመውስ ምን ብሎ ነው? ሁለቱ ይለያያሉ። የሐዋርያት ሥራ 21 ላይ ነቢዩ አጋቦስ የጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እጅና እግር ያስርና የዚህ መታጠቂያ ባለቤት በኢየሩሳሌም እንዲህ ይታሰራል ይላል። አጋቦስ እስሩን ነው የተናገረው። አትሂድ ብለው ያለቀሱት ጳውሎስን የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ጳውሎስ ግን ለመታሰር ብቻ ሳይሆን ለመሞትም ተዘጋጅቻለሁ ብሎ ሄደ፣ እነሱም የጌታ ፈቃድ ይሁን ብለው ተዉት። ሁሉም የሰሙት አንድ ነገር ነው፤ የደረሱበት ውሳኔ ግን ተለያየ። ወንድምህ ስለ ትዳርህ የሆነ ሸክም ተሰምቶት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሸክም ተነስቶ “እሷ አይደለችም፣ ይህችኛዋ ናት” እስከማለት የሄደው ግን በምን መንገድ ነው? ደግሞስ የተጠቆመችው እህት ተጠይቃለች? ስትተዋወቃት የከረምከውስ? ሁለት ሴቶች ያሉበትን ነገር ሁለት ወንዶች ጸልየው መጨረስ አይችሉም። ጳውሎስ መበለቲቱ የወደደችውን እንድታገባ ሲፈቅድ ያስቀመጠው ወሰን በጌታ ይሁን እንጂ የሚል ብቻ ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 7፥39)።

ስለ ሰላም ደግሞ ልንገርህ። ጓደኞችህ በቅንነት ነው የመከሩህ፣ ግን ምክሩ ጎደሎ ነው። ዮናስ ከእግዚአብሔር እየሸሸ ነበር፤ ማዕበሉ መርከቧን ሊሰብራት ሲል እሱ ከታች ገብቶ ከባድ እንቅልፍ ተኝቷል። ሰላም ካልክ ያም ሰላም ነው! ጌታ ኢየሱስ ደግሞ በጌቴሴማኒ በአባቱ ፈቃድ መካከል ሆኖ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝናለች፣ ላቡም እንደ ደም ጠብታ ወርዷል። እና የዛሬ ስሜትህን ብቻ አይተህ ፈቃዱ ይህ ነው፣ ያ አይደለም ማለት አትችልም።

ስሜት ጨርሶ አይረባም ግን አልልም። የሚረባው ቆይቶ ሲታይ ነው። ስፔናዊው ወታደር ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ1521 በፓምፕሎና ውጊያ እግሩን በመድፍ ተመትቶ ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። ጊዜ ለመግፋት አንዴ ስለ ፈረሰኞች ጀብዱና ስለሚያልማት ወይዘሮ ያስባል፣ አንዴ ደግሞ የክርስቶስንና የቅዱሳንን ሕይወት ያነባል። ሁለቱም በሰዓቱ ደስ ይሉት ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። የጀብዱው ሐሳብ ሲያልፍ ደረቅና ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ የሁለተኛው ደስታ ግን ካለፈም በኋላ አብሮት ይቆያል። ልዩነቱን ያወቀው ወቅቱ ካለፈ በኋላ በቀረው ነገር ነው። ከዚያ ተነስቶ የሰጠው አንድ ምክር አለ፤ ነፍስህ ጨለማ ውስጥ ባለችበት ሰዓት ቀድሞ የወሰንከውን አትቀይር ይላል። አንተም አሁን ፈርተሃል፣ ተረብሸሃል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነህ ያቺን እህት ሄደህ “በቃ” እንዳትላት።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፣ ሳነበው ያስደነገጠኝ። ከ360 ገደማ እስከ 435 ገደማ የኖረው መነኩሴ ዮሐንስ ካስያን ከግብፅ በረሃ አባቶች የሰማውን ሲተርክ ሄሮን ስለሚባል ሽማግሌ መነኩሴ ይናገራል። በበረሃ 50 ዓመት በጾምና በብቸኝነት ኖሯል። ጾሙ እንዳይላላ ብሎ በፋሲካ እንኳ ከወንድሞች ጋር ማዕድ አይቀመጥም ነበር። በመጨረሻ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ መጣና ጉድጓድ ውስጥ ዝለል፣ ምንም አትሆንም አለው። ዘለለ። ወንድሞች በብዙ ድካም አወጡት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ እስከመጨረሻው ግን መታለሉን አላመነም። አባቶች ይህን ሲያወሩ ጾሙን አልነቀፉም። ያጠፋው ማስተዋል ማጣቱ ነው አሉ፤ የወንድሞችን ምክር ትቶ በራሱ ሐሳብ ብቻ መመራቱ።

ስለዚህ ወደ መጋቢህ ወይም ወደ ነፍስ አባትህ ሂድ። ከዚያ ወንድም ጋር የማይገናኝ፣ ትዳሩን አክብሮ የያዘ ሌላ ሰውም ጨምር። ነገሩን ሳትቀንስ ሳትጨምር ንገራቸው። ለምታስባት እህትም ንገራት፣ እሷም ትጸልይ። ያዕቆብ ላይኛይቱ ጥበብ በመጀመሪያ ንጽሕት፣ ከዚያም ታራቂ፣ ገር፣ እሺ ባይ ናት ይላል (3፥17)። የእግዚአብሔር ከሆነ በሁለት ወር ምርመራ አይበላሽም። ነገ ካልወሰንክ ያመልጥሃል ብሎ የሚያጣድፍህ ነገር ከሆነ ግን እኔ አላምነውም።

ጥያቄ

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች። ገና ሳያት ውስጤ ይረበሻል። ክፉ መንፈስ ያለባት ይመስለኛል። መናፍስትን የመለየት ጸጋ ተሰጥቶኝ ይሆን? አማኝ የሆኑ ባልደረቦቼን ላስጠንቅቅ?

አንባቢያችሁ

መልስ

አታስጠንቅቁ፣ እባክዎ። ጸጋው እውነት ነው፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥10 ተጽፏል። ግን ካህኑ ዔሊ የሳሙኤል እናት ሐና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ድምፅ ሳታሰማ ስትጸልይ አይቶ ሰካራም ናት አለ። ከፊቱ ቆማ እንባዋን ወደ እግዚአብሔር የምታፈስ ሴት ነበረች! ቅድም ያወራንለት ዔሊ ማለት ነው፣ በኋላ የልጇን ጥሪ ያወቀው። ያኔ ዔሊን ያዳነው አንድ ነገር ነው። ስሜቱን ለሌላ ሰው አላወራም፣ ለራሷ ነገራት፣ ስትመልስለት ሰማት፣ መረቃትም።

የተሰማዎት ነገር መነሻው ብዙ ሊሆን ይችላል። ድሮ የጎዳዎትን ሰው ትመስል ይሆናል። ቀንተው ሊሆን ይችላል፣ ይሄም ያጋጥማል። እርሷም የከበዳት ነገር ይኖር ይሆናል። እርስዎ ስለ እሷ ማውራት ከሆነ የሚያምርዎት፣ ከማስተዋል አይቁጠሩት። ስለ እሷ መጸለይ ከጀመሩና ቡና ልጋብዝሽ ለማለት ልብዎ ከተነሳ ግን ይቀጥሉበት። ጳውሎስ ማስተዋልን የለመነው በፍቅር ውስጥ እንዲበዛ ነው።

ጥያቄ

ልጄ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ ብዙም አልተማርኩም፣ ዓይኔም ደክሟል። ልጆቼ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ተምረዋል። እነሱ ሲከራከሩ ግማሹ አይገባኝም። ስብከት ስሰማ አንዳንዴ እንባዬ ይመጣል፣ ወጥቼ ግን ምን ተባለ ቢሉኝ መናገር አልችልም። እኔ ቃሉን አስተውያለሁ ይባላል?

አንዲት እናት

መልስ

እናቴ፣ እንኳን ጻፉልኝ። ሄሮድስ ክርስቶስ ወዴት ይወለዳል ብሎ የካህናት አለቆችንና ጻፎችን ሲጠይቅ ሳያመነቱ በይሁዳ ቤተ ልሔም ብለው መለሱ፣ ከነቢዩ ቃል ጠቅሰው። ልክ ነበሩ። ከመካከላቸው ወደዚያ ሄደ የተባለ ግን አንድ ሰው እንኳ አናነብም። ሕፃኑን ወደ መቅደስ ባመጡት ቀን ደግሞ ያወቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የእስራኤልን መጽናናት ሲጠብቅ የኖረው ስምዖንና ሐና የምትባል በዕድሜዋ የገፋች መበለት። እሷ ከመቅደስ አትለይም፣ በጾምና በጸሎት ሌትና ቀን ታገለግል ነበር። ያን ቀን መቅደሱ ውስጥ ስንት ሊቅ ነበረ መሰልዎት? ጌታም በሉቃስ 10፥21 ላይ ይህን ከጥበበኞችና ከአስተዋዮች ሰውረህ ለሕፃናት ስለ ገለጥህላቸው አመሰግንሃለሁ ብሎ በመንፈስ ቅዱስ ሐሤት አድርጓል።

እንባዎ የመጣው አንድ ነገር ስለነካዎት ነው። ያን ነገር ነው እንዲይዙት የምፈልገው። ከስብከት ሲወጡ ምን ተባለ ብለው አይጨነቁ። ዛሬ ልቤን የነካኝ የቱ ጋ ነው ብለው ራስዎን ይጠይቁ፤ አንድ ቃል ብትሆንም ይበቃል። እሷን ይዘው ቤትዎ ይግቡና በእሷ ይጸልዩ።

ልጆችዎ መማራቸውን ግን አይቀየሙ፣ እነሱም እርስዎን እንዳይንቁ ይንገሯቸው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ ሳለ ፊልጶስ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ሲለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል ብሎ ሠረገላው ላይ አስቀመጠው። ባለሥልጣን ነው፣ ማንበብም ይችላል፣ ግን መጠየቅ አላሳፈረውም። እርስዎም ሲከራከሩ ያልገባዎትን “ልጄ፣ እሱን በቀላል አማርኛ ንገረኝ” በሉት። በቀላሉ መናገር ካቃተው እሱም ገና አልገባውም ማለት ነው፣ አብራችሁ ትማራላችሁ።

ለልጅ ልጅዎ ደግሞ አንድ መልእክት አለኝ። አያትሽ ዓይናቸው ከደከመ አንቺ አንብቢላቸው። ከማርቆስ ወንጌል ጀምሪ፣ 16 ምዕራፍ ነው፣ አጭር ነው። በቀን ግማሽ ምዕራፍ ይበቃል። ጮክ ብለሽ፣ ሳትቸኩዪ አንብቢ። ስትጨርሺ “አያቴ፣ ጌታ እዚህ ላይ ምን አደረገ?” ብለሽ ጠይቂያቸው፣ የሚሉሽንም ጻፊው። ምዕራፍ 8 ላይ ስትደርሱ የጻፍሽውን ላኪልኝ፣ ማንበብ እፈልጋለሁ።